ማሰሪያ አንቀጽ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ መስታወት ከለበሰው ፎቅ፣
ሰባተኛው ላይ ነው የምንማረው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስንለቅ።
ሊፍት ሠሪው ሸዋፈራው ይሉኛል፣ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፤
የአዲሱ ማሽን መመሪያ በኮሪያኛ ነው፣
ብሎኗ እንኳ አትላላም ቋንቋዋን ካላወቁ እኮ።

መጽሐፋችን ግን የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው።
ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ በቀይ ሣጥን፣ ገደል እንዳለ ሁሉ፣
"ተጠንቀቁ! ግሱ መጨረሻ ይመጣል" ይላል።
ሳቅሁ።
ታዲያ የት ሊሆን ኖሯል?
እናቴስ መቼ ነው ግሷን ከመሐል የወሸቀችው?

ኤፉዋ አልሳቀችም።
የአክራ ልጅ ናት፣ ካዛንቺስ ነው ቢሮዋ፤
እርሳሷን ነክሳ፣ "እኔ… ሩዝ…" ትልና
መሐል መንገድ ላይ ይጠፋታል መውጫዋ።
በእንግሊዝኛዋ ሥራው ከሠሪው ጎን በር ላይ ይቆማል፤
ዕቃው ሁሉ ከኋላ ይጫናል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በአምስትና በስድስት መካከል
መብራት ሄደ።
(የሰዓት አይደለም፣ የፎቅ ነው የምላችሁ።)
ሁለት ነን፤ ጨለማው ሦስተኛ።
"ይወድቃል?" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ።
"ገመዱ አራት ነው" አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣
"አንዱም ይበቃናል።"

ከዚያ፣ ዝም ከማለት ብዬ፦
"ይሄ ሣጥን ዓረፍተ ነገር ነው እንበል።
ምድር ቤት ላይ ባለቤቱ ይገባል፣ 'ንን'ን ትከሻው ላይ አንግቶ።
ሁለተኛው ላይ ጊዜው፣ ሦስተኛው ላይ ቦታው፣
አራተኛው ላይ ተሳቢው ይሳፈራል፤
የእኛ ተሳቢ 'ን'ን ጅራቱ ላይ ያስራል፣ የእነሱ 'እል'ን፤
የአተርና የባቄላ ልዩነት ነው።
ሁሉም መለያውን ለብሷልና
ቦታ ቢቀያየሩ እንኳ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋም።
አንዱ ብቻ ንቅንቅ አይልም፣
ጣሪያው ሥር፣ ሞተር ክፍል የተቀመጠው፤
ሁሉን ጠቅልሎ የሚጎትተው።
ስምንተኛ ክፍል ሳለን መምህር ላቀው
ማሰሪያ አንቀጽ ይሉት ነበር።
ገመድ ማለታቸው መሆኑ
ዛሬ፣ እዚህ ተንጠልጥዬ ገባኝ።"

"ታዲያ እስከዚያ ምን ታደርጋላችሁ?"
"እስከየት?"
"እስከ ግሱ።"

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
አንድ ጊዜ ወንድሜ ደውሎ፦
"የቤቱን ነገር፣ ትናንት፣ ችሎቱ፣ ለእኛ…"
መስመሩ ተቆረጠ።
ፈረደ? አልፈረደም?
ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣
አንዲት ግስ ስጠብቅ ነጋ።
"በእናንተ ቢሆን" አልኳት፣ "ገና ሃሎ ስል ባወቅሁት።"

ቆየች። ትንፋሿ ይሰማኛል።
"በእኛ ደግሞ" አለች፣ "'ወንድምሽ መታ' ይሉሻል፣
ማንን እንደሆነ እስኪነግሩሽ
የምታውቂውን ሰው ሁሉ በየተራ ትቀብሪያለሽ።"

ከዚያ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ቀይ ሣጥን ሞከረች፤
"ናንን… አዲስ አበባ ኤሶ… ሊፍት እል…"
"ማሰሪያው?"
"ጠፋኝ።"
"ይጥፋ። አልቸኮልሽም፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው።"

ጄኔሬተሩ አጓራ።
ወደ ሰባተኛው አልወሰደንም፤ ከጨለማ ሲነቃ መጀመሪያ ምድር ቤት ይወርዳል፣
እኔው ነኝ እንዲያ ያስተካከልኩት።
በሩ ሲከፈት መምህርት ዩንጃ
ሰባቱን ፎቅ በደረጃ ወርዳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች።
የት እንደነበርን ጠየቀች፣ በኮሪያኛ፣ በትሕትና።
እኔ "እኔና እሷ፣ ሊፍቱ ውስጥ፣ መብራቱ…" እያልኩ ስደረድር
ኤፉዋ አንዲት ቃል ጣል አደረገች፦

"ኪዳርዮሶዮ።"

ጠበቅን።
በኮሪያኛው ማን እንደጠበቀ አልተነገረም።
ማንን እንደጠበቀም።
ምድር ቤቱ ባዶ፣ አራተኛው ባዶ፤
ሞተር ክፍሉ ብቻ መብራቱ በርቷል።

መምህርት ዩንጃ ደብተሯን አውጥታ
ከስማችን ፊት "ተገኝተዋል" ብላ ምልክት አደረገች።
ውጭ፣ ዝናቡ ካባራ አስፋልት ዳር፣
ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል፤
ለእሱ ግስ አያስፈልገውም።